ምዕራፍ ስድስት፦ ዳገት፣ ዋልካና ሶምሶማ

በደብረ ወርቅ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አንድ አዋቂ ሰው ሲሮጥ ከታየ ነገሩ ደኅና አይደለም ማለት ነው። ወይ ከብት ጠፍቷል፣ ወይ ምጥ የጠናባት ሴት አለች፣ ወይ እሳት ተነሥቷል፣ ወይ መርዶ አለ። ስለዚህ ማለዳ በሬያቸውን ጠምደው ሞፈር የሚያስተካክሉ አንድ አባት ከኋላቸው የእግር ኮቴ ሲሰሙ ዞር ብለው የሚጠይቁት ሌላ አይደለም፤ «በሰላም ነው?» ይላሉ። ሯጩ እርምጃውን ቀንሶ «በሰላም ነው አባቴ፣ ስፖርት ነው» ይላል። «የሚያሳድድህ የለም?» «የለም አባቴ።» «እንግዲያስ ያበርታህ ልጄ» ብለው ወደ በሬያቸው ይመለሳሉ። በሳምንቱ ያው ሰው በዚያው ሰዓት ሲያልፍ ጥያቄው ይቀራል፤ ሰላምታ ብቻ ይሆናል።

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው እንዲህ ላለው ሯጭ ነው። ክለብ የለውም፣ ማናጀር አያውቅም፣ ውድድር ቢገባ እንኳ ለሜዳሊያ አይደለም። አስተማሪ ሊሆን ይችላል፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ባለ ሱቅ። ከሥራ በፊት አንድ ሰዓት አለው፤ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ደግሞ ሌላው ዓለም በአውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣለት ደጋ ከፊቱ ተዘርግቷል። ስለ ኢትዮጵያ ሩጫ ሲወራ የሚወደሰው አየሩ ነው። ውዳሴው ትክክል ነው፤ ግን አየሩ ለሁሉም እኩል የተሰጠ ነው። ሯጩን የሚሠሩት እሱ ራሱ የሚመርጣቸው ነገሮች ናቸው፤ የሚረግጠው መሬት፣ የሚሮጥበት ፍጥነትና አብሮት የሚወጣው ሰው።

ደብረ ወርቅ በጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና አልፎ በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ ያገኛታል፤ ስሟን ለሩቅ አገር ያሰማችው ግን ጥንታዊቷ የደብረ ወርቅ ማርያም ገዳም ናት። የአካባቢውን አቀማመጥ ለመረዳት ሁለት ነገር ማወቅ ይበቃል። በምዕራብ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ተራራ አለ፤ በምሥራቅ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ። አገሩ በጠቅላላው ከጮቄ ወደ ዓባይ ያዘነበለ ነው፤ ከጮቄ የሚነሡት ወንዞችም ይህንኑ መሬት እየቆራረጡ ይወርዳሉ። ለሯጭ ይህ ማለት ፊቱን ወደ ጮቄ ካዞረ ዳገቱ ቀድሞ ይመጣል፣ መመለሻው ይቀላል፤ ወደ ዓባይ ከወረደ ደግሞ ቁልቁለቱ ቀድሞ ይመጣል፣ ዳገቱ በደከመ እግር ይጠብቀዋል። ጀማሪ ሁልጊዜ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ይውጣ። ቁልቁል እየበረረ አሥር ኪሎ ሜትር ሄዶ በፀሐይ እየተንፏቀቀ የሚመለስ ሰው በማግሥቱ መሮጥ አያምረውም።

ወደ አየሩ እንምጣ። ደብረ ማርቆስ 2,446 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ወርቅም ያው ደገኛ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ከአየሩ ውስጥ የኦክስጅን ድርሻ እዚህም ሆነ ጅቡቲ ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን ግፊቱ ሲቀንስ አየሩ ይሳሳል፤ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጮቄ አናት ላይ ጉድለቱ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ኩላሊት ይህን ጉድለት ሲያውቅ ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑም መቅኔ ቀይ የደም ሴል አብዝቶ እንዲያመርት ያዛል። ከቆላ የመጣ ሯጭ ሱሉልታ ላይ ሳምንታት የሚቀመጠው ይህን ፍለጋ ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር፣ ወደ አገሩ ሲመለስም ትርፉን ለጥቂት ሳምንታት ይዞት ይቆያል።

በደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ነገር ግን የተለየ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። እስከዚያ ድረስ ሳይንስ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ደገኛ ነበር። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሰዎች የሂሞግሎቢናቸው መጠን ከፍ ይላል፤ ቲቤት ያሉት ደግሞ ሂሞግሎቢናቸው እንደ ቆላ ሰው ሆኖ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት ዝቅ ይላል። የሰሜን ሰዎች ከሁለቱም አልሆኑም፤ ሂሞግሎቢናቸው አልጨመረም፣ የኦክስጅን ሙሌታቸውም 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የሚለይ አይደለም። ይህን ጥናት ባነበብሁ ቁጥር ይደንቀኛል፤ እህል ተሸክመው የገበያ ዳገት የሚወጡ እናቶች ሰውነታቸው ከዚያ አየር ጋር እንዴት እንደተስማማ ዓለም ያወቀው ገና ትናንት ነው።

ከፍታ በውድድር ላይ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ የታየው በጥቅምት 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ሲቲ ኦሎምፒክ ነው። ከተማዋ 2,240 ሜትር ላይ ናት። ከ1,500 ሜትር ጀምሮ እስከ ማራቶን ያሉት የወንዶች የሩጫ ወርቆች በሙሉ ወደ አፍሪካ ሄዱ፤ ሦስቱን ኬንያውያን፣ አንዱን ቱኒዚያዊው መሐመድ ጋሙዲ፣ ማራቶኑን ደግሞ ማሞ ወልዴ። በዚያው ኦሎምፒክ በ100 ሜትርና በርዝመት ዝላይ የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ። ሳሳ ያለ አየር ለአጭር ሩጫ ይመቻል፤ ሰውነትን የሚገፋው አየር ያንሳል፣ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ብዙ አያስፈልግም። ረጅም ርቀት ላይ ግን ጉድለቱ ራሱን ያስታውቃል፣ ደገኛውንም ቢሆን ፍጥነቱን ያስቀንሰዋል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለተራው ሯጭ ዋና ነገር ነው። ዛሬ ብዙ ወጣት ሥልጠናውን የሚያገኘው ከስልኩ ነው። ፕሮግራሙ «አንድ ኪሎ ሜትር በአምስት ደቂቃ ሩጥ» ይለዋል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ግን የሚኖረው ምናልባት ለንደን ነው፤ መንገዱ ሜዳ፣ አየሩም ጥቅጥቅ ያለ። ያን ቁጥር ደብረ ወርቅ ላይ፣ ያውም በኮሮኮንች ዳገት መከተል ቀላሉን ልምምድ ወደ ውድድር መለወጥ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፍ ይዛባል፣ ባት ይደነድናል፣ ጉልበት ማመም ይጀምራል፤ ሰውየውም «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ ያቆማል። ብዙዎች የቀሩት በዚህ ምክንያት እንደሆነ አልጠራጠርም።

ታዲያ ከፍታው ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከጎጃም የሚወጡት ዝነኛ ሯጮች ከአርሲ እኩል በሆኑ ነበር። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ይህች ከተማ ናት። አየሩ እንደ እኛው ነው፤ ገብሱም፣ ስንዴውም እንደ እኛው። በቆጂ ግን አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበሩ፤ ልጆቹን በማለዳ የሚሰበስብ፣ የሚያይ፣ «አንተ ዛሬ ቀስ በል» የሚል ሰው። ከዚያ ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና 10,000 ሜትር ስታሸንፍ ለተከታዮቿ መንገዱ ታየ። ጎጃም የጎደለው ሳንባ አይደለም። የጎደለው ማለዳ ተነሥቶ ልጆቹን የሚሰበስብ ሰው፣ እንዲሁም ከልጆቹ ፊት እየሮጠ የሚታይ የሰፈር ልጅ ነው።

ዝግታን በተመለከተ ከሯጮቻችን የምንማረው ብዙ አለ። ማይክል ክራውሊ የተባለ ስኮትላንድ የተማረ አንትሮፖሎጂስትና ሯጭ ከአዲስ አበባ ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖሮ፣ እንጦጦና ሰንዳፋ ላይ አብሯቸው ሮጦ በ2020 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳትሟል። ከሚያስገርሙት ነገሮች አንዱ ማራቶንን ከሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በታች የሚሮጡ ሰዎች በቀላል ልምምድ ቀን ምን ያህል ቀስ ብለው እንደሚሮጡ ማየቱ ነው። ጫካ ውስጥ ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ፣ ሶምሶማ። «ኮንዲሽን» የሚሉት ነገር አለ፤ ቀስ ብሎ የሚገነባና በአንድ ቀን ግብዝነት የሚፈርስ የሰውነት ብቃት ነው። በሌላ በኩል ስቲቨን ሳይለር የተባሉ ተመራማሪ የጽናት ስፖርተኞችን ልምምድ ሲመረምሩ ከአምስት ልምምድ አራቱ ቀላል፣ አንዱ ከባድ ሆኖ አግኝተውታል። በሳምንት አራት ቀን የሚሮጥ የደብረ ወርቅ ሰው እንግዲህ ሦስቱን በሶምሶማ ቢያደርግ፣ በአንዱ ብቻ ቢያለከልክ ይበቃዋል። ሶምሶማ መሆኑን ለማወቅ ሰዓት አያስፈልግም። አብሮህ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ከቻልህ ትክክል ነህ። ቃላቱ ከተቆራረጡ ፈጥነሃል። ዳገት ላይ ወሬው ከተቋረጠ ደግሞ በእግር መውጣት ነው፤ ነውር የለበትም። ልብ ዳገቱን በእግር ሲወጡትም እየሠራች ነው።

የመሬቱን ነገር አስፍቼ መናገር እፈልጋለሁ፤ ጽሑፎች ስለ ከፍታ ብዙ ሲሉ ስለሚረገጠው አፈር ምንም አይሉምና። ሯጮቻችን ልምምዳቸውን የሚከፋፍሉት በመሬቱ ነው፤ ጫካ፣ ኮሮኮንች፣ አስፋልት። አስፋልት ለፍጥነት ነው፤ እግር ስለሚጎዳ በሳምንት ከአንድና ከሁለት ቀን በላይ አይረገጥም። ደብረ ወርቅ ዙሪያ አራተኛ መሬት አለ፤ እሱም የእርሻው መሬት ነው። ከከተማው ወጥቶ በባሕር ዛፍ መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ የሚያደርሰው ወደ ጤፍና ስንዴ ማሳዎች ነው። ቀዩ አፈር ባለበት ተዳፋት ላይ ውኃው ቶሎ ይሰርጋል፤ ክረምትም ቢሆን ዝናቡ ካባራ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይሮጥበታል። ሜዳው ግን ዋልካ ነው። ዋልካ ውኃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ የሸክላ ዓይነት በብዛት ያለበት ጥቁር አፈር ነው። ሐምሌ ላይ ጫማ ሥር እየተደራረበ ይጣበቃል፤ ሰው በመቶ ሜትር ውስጥ ሁለት እግሩን ሳይሆን ሁለት ጡብ ተሸክሞ የሚሮጥ ይመስለዋል። ጭኑ እግሩን ለማንሣት ስለሚለፋ ድካሙ ባልተለመደ ቦታ፣ ከዳሌ ፊት ለፊት ይመጣል። ክረምቱን ዋልካ ላይ መድከም ትርፍ የለውም፤ ኮሮኮንቹ ላይ መቅረት ይሻላል።

ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ መሬቱ ይጨብጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ የዚህ አገር ምርጥ የሩጫ ወራት ናቸው፤ አፈሩ ጠንክሯል ግን አልደረቀም፣ ማለዳው ይቀዘቅዛል፣ ጤፉ እየታጨደ ስለሆነ ማሳ ለማሳ ያለው ወሰን ይታያል። በሰብሉ መካከል ግን ፈጽሞ አይሮጥም። አንድ ጊዜ የተረገጠ ጤፍ አይነሣም፤ ገበሬውም ለስፖርተኛ ያለውን ፍቅር በዚያው ያነሣል። ከጥር በኋላ ዋልካው መሰነጠቅ ይጀምራል። መጋቢት ላይ ስንጥቁ የሰው እግር እስኪውጥ ይሰፋል፤ ሣር ሸፍኖት ስለማይታይ ቁርጭምጭሚት ወለም የሚለው ያኔ ነው። በተጨማሪም ፈሰስ አለ፤ ገበሬው የክረምቱን ውኃ ከማሳው ለማውጣት በሰያፍ የሚያርሰው ቦይ። በደረቁ ወቅት ፈሰስ መዝለል ለእግር ጥሩ ልምምድ ነው። ዐይን ሦስት እርምጃ ወደ ፊት ያያል፣ እርምጃ ያጥራል፣ እግር ከጉልበት ፊት ሳይሆን ከሰውነት ሥር ያርፋል። አሠልጣኞች ሜዳ ላይ በቃል የሚለፉበትን ነገር ማሳው ሳይናገር ያስተምራል።

ስለ ጫማ ሲነሣ አበበ ቢቂላ መጠቀሱ አይቀርም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ምሽት፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2፡15፡16 ገብቶ የዓለምን ፈጣን ሰዓት ያዘ። አበበ ግን ባዶ እግር ለመሮጥ እግሩ ከልጅነት የተዘጋጀ ሰው ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይም በጫማ ሮጦ አሸንፏል። ዕድሜውን በጫማ የኖረ የቢሮ ሠራተኛ ነገ ማለዳ ጫማውን አውልቆ ኮሮኮንች ላይ ቢወጣ የሚያገኘው ቁስል ብቻ ነው። ከልባሽ ገበያ የተገዛም ቢሆን ሶሉ ያላለቀ፣ ተረከዙን የሚይዝ፣ ከአውራ ጣት ፊት ትንሽ ክፍተት ያለው ጫማ በቂ ነው።

ቁልቁለት ሌላ ጉዳይ ነው። ዳገት ሳንባን ይፈትናል፣ ቁልቁለት ጡንቻን። ወደ ታች ሲሮጥ የጭን ፊት ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነትን ይገታል፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ በጡንቻው ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል። ሕመሙ ግን ያኔውኑ አይመጣም፤ በማግሥቱና በሠልስቱ ነው ደረጃ መውረድ የሚያቅተው። ደስ የሚለው ጡንቻ ይህን ትምህርት ቶሎ አይረሳም። መጠነኛ ቁልቁለት አንድ ጊዜ የለመደ እግር ለሳምንታት ከዚያ ሕመም ይጠበቃል። ወደ ዓባይ አቅጣጫ የሚወርደውን መንገድ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ መልመድ ነው።

ውሻ ያጋጥማል። ከውሻ መሮጥ ውሻውን ማባረር ማስተማር ነው፤ መቆም፣ ፊትን ማዞር፣ ድንጋይ እንደሚያነሡ ጎንበስ ማለት፣ ባለቤቱን መጥራት። ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ የግድ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተወሰደ ያድናል።

ጾም በዚህ አገር የሩጫ ፕሮግራሙን ግማሽ ይወስናል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ይጾማሉ። ብዙ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። ጉበት ያከማቸው ስኳር ሌሊቱን በብዛት ስለሚቀንስ በጾም ማለዳ ከባድ ሩጫ መሮጥ ሰውነትን ያንገዳግዳል። ዝግ ያለው ሶምሶማ ግን ከስብም ጉልበት ስለሚወስድ ሰውነት ይችለዋል። ዋናው ችግር ውኃው ነው፤ ማለዳ ያላበው ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይጠጣ መዋል አለበት። ስለዚህ በጾም ቀን ወይ ማለዳ ለአጭር ጊዜ ቀስ ብሎ መሮጥ፣ ወይ ከጾሙ መፍቻ በኋላ ጥቂት በሶ በጥብጦ ጠጥቶ አመሻሽ 11 ሰዓት ላይ መውጣት ይሻላል። ከባዱ ልምምድ ለፍስኩ ቀን ይቆይ። በሶና ጭብጦ፣ የገብስ ቆሎ፣ እንጀራ በሽሮ፤ የጎጃም ገበታ ለሯጭ የሚጎድለው ብዙ አይደለም፤ ሁሉም ጡንቻ የሚፈልገውን ኃይል ሰጪ ምግብ በብዛት ይዟል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የቆየው ግጭት ገጠር ለገጠር መሮጥን ብዙ ቀን የማይታሰብ አድርጎታል። መንገዱ ሰላም ባልሆነበት ቀን ግቢ ውስጥ ገመድ መዝለልና ደረጃ መውጣት ልብን ሥራ አያስፈታም። ማንም ሰው ለሶምሶማ ሲል ሕይወቱን አደጋ ላይ አይጣል።

የቀረው ስለ ጓደኛ ነው። በሯጮቻችን ዘንድ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ነው ይባላል፤ መለወጥ የፈለገ ከሰው ጋር ይሮጣል። ከኋላ የሚሮጠው የፊተኛውን እግር እያየ እርምጃውን ያስተካክላል፣ ነፋሱንም ይከለልበታል፤ የፊተኛው ደግሞ የሌላውን ልፋት ይሸከማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ለሴቶች ይህ ከምንም በላይ ይሠራል። ያለምዘርፍ የኋላው መስከረም 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ለንደን ማራቶን ላይ ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ በፍጥነት መቀነሻ እንቅፋት ወደቀች፤ ተነሥታ በ2፡17፡26 አሸነፈች፤ ዕድሜዋ 23 ነበር። ይህን በቴሌቪዥን ያየች የደብረ ወርቅ ልጅ ግን በማግሥቱ ብቻዋን በጨለማ ባሕር ዛፍ መካከል እንድትሮጥ ማንም ቤተሰብ አይፈቅድም፣ ልክም ነው። ሦስት ሆነው፣ ወንድም ወይም አስተማሪ አብሯቸው፣ ጎሕ ከቀደደ በኋላ ቢወጡ ግን ክልከላው ይላላል። ፀሐይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች፤ ትምህርትና ሥራ ሳይጀመር ጊዜ ይተርፋል።

ቡድኑ እኩል አቅም ባይኖረውም ችግር የለም። ሜዳው ላይ ሁሉም በደካማው ፍጥነት ይሮጣል። ዳገቱ ሲጀምር ጠንካራው እንደ አቅሙ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ሳይቆም ተመልሶ ይወርዳል፣ የመጨረሻዋን ሰው ሲያገኝ ዞሮ አብሯት እንደገና ይወጣል። እሱ ከአንድ ዳገት በላይ ሮጠ፣ እሷ አንድ፤ አናቱ ላይ ግን የደረሱት አብረው ነው፣ ወደ ከተማው የሚመለሱትም እያወሩ።